የጠዋት ሚስኮል

ኮረብታው ስም አልነበረውም፤ በቁጥር ነበር የምንጠራው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ «ተነሱ» ተባልን። ወጣን። መትረየስ ከግራ ጀመረን። ተኛን፣ ተነሳን፣ ሮጥን። ሦስት ሰዓት ላይ ጫፉን ያዝን። እኔ እግሬን ተመትቼ ነበር። የጊንጪው ቶለራ አዝሎ አወረደኝ። «አንተ ሰውዬ፣ የመቶ ጦሩን ስንቅ ብቻህን ነው እንዴ የበላኸው?» አለኝ። ጥይት እየጮኸ እንዲህ ይቀልዳል።

ስለዚያ ቀን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ስለ አረቄው ግን ማንም አይጠይቀኝም፤ እኔ ደግሞ መናገር የምፈልገው እሱን ነው። ከጦርነቱ ተመልሼ አምቦ ከገባሁ በኋላ ለእንቅልፍ ብዬ ጀመርኩ፤ ውሎ አድሮ ቁርሴም ሆነ። ሚስቴ ጫልቱ ልጆቹን ይዛ እናቷ ቤት ገባች። አልፈረድኩባትም።

ሞባይል በየሰዉ እጅ ሲገባ፣ አንድ የእህል ነጋዴ የቶለራን ቁጥር ከጊንጪ አመጣልኝ። ደወልኩ። «አካም ጅርታ?» ብዬ ደህንነቱን ስጠይቀው «እየጠጣሁ» አለኝ። ሸነን ከተማ የሚኖረው የጦር ጓዳችን በቀለም እንደኛው ጠጪ ነበር። ሦስታችን ለማቆም ተማማልን። በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ እንደ ጦር ሰፈር ስም ጥሪ፣ ሚስኮል እንድናደርግ ተስማማን። አንዴ ይጠራል፣ ይዘጋል። «አለሁ፤ ትናንት አልቀመስኩም» ማለት ነው። እናንተ ትስቁ ይሆናል። እኔ ግን ያቺን ጥሪ ላለማጉደል ስል የአረቄ ቤቱን ደጃፍ አንገቴን ደፍቼ አልፍ ነበር። በስምንተኛው ወር ጫልቱ ተመለሰች።

ቶለራ አንድም ቀን አጉድሎ አያውቅም። በቀለ አንድ ጊዜ «ድምፁን ሰምተኸዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። «በሰዓቱ እየደወለ ምን ትፈልጋለህ?» ብዬ ተቆጣሁት። ወታደር ስሙ ሲጠራ «አቤት» ካለ በቃ፣ አለ ማለት ነው። ከዚያ በላይ መጠየቅ ሰውየውን መጠርጠር መሰለን። የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ጠዋት ስልኩ መጥራቱን አላቆም አለ። አነሳሁት። «አስቴር ነኝ፣ የቶለራ ሚስት። ጤና ጣቢያ ነው ያለነው፤ ድረሱ» አለችኝ። እኔና በቀለ ስንደርስ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ አገኘነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብን።

«ገና በሦስተኛው ወር ነው ወደ አረቄው የተመለሰው» አለች አስቴር። «ሚስኮሉን የማደርገው እኔ ነበርኩ። ‹የኔ ከቀረ እነሱም ይወድቃሉ፤ ደውይላቸው› ይለኛል።»

አፈርኩ፤ ተናደድኩበትም። «ለምን አልነገርከንም?» አልኩት።

«እናንተስ አልጠጣችሁም?» አለ።

«አልጠጣንም።»

«ገለቶማ» ብሎ አመስግኖ እጄን ያዘ። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ኮረብታው ላይ ከመቶ ጦራችን አሥራ ዘጠኝ ሰው ጥለናል። ቶለራን ከነሱ ጋር የሚጽፈው መዝገብ የለም፤ እኔ ሃያ ብዬ ነው የምቆጥረው። በቀለና እኔ ሚስኮሉን ትተናል። አሁን ስልኩን አንስተን እናወራለን። አንዳንድ ጠዋት በቀለ «ዛሬ ከብዶኛል» ይለኛል። ያን ቀን ሥራዬን ትቼ የሸነንን መኪና እሳፈራለሁ።