በክር የተቋጠረ ሒሳብ

ዓመቱን በውል አላስታውሰውም፤ ብቻ ቡሬ ነበርን፣ የወተት ጥርሴም ገና አላለቀም ነበር። ዛሬ ፍኖተ ሰላም፣ ሽመና ቤቴ ውስጥ፣ የአዲስ ድር ሽታ ወደዚያ ዘመን መለሰኝ።

አባቴ የሸመነውን ጋቢ በዱቤ የሚወስድ ነጋዴ ሊከፍል መጥቶ፣ ወረቀቱን ዘርግቶ «የወሰድኩት አራት ነው» አለ። አክስቴ ለየጋቢው አንዳንድ ቋጠሮ ያሰረችበትን ክር ከመቀነቷ አወጣች። ስድስት ነበር።

«ቂም ቋጥረሽብኛላ» ብሎ ሳቀ።

«ሒሳብ ነው የቋጠርሁ፣ ጌታው። ሲከፍሉ ይፈታል።»

የተጣሉ መስሎኝ ፈራሁ። የስድስቱን ከፈለ፤ እሷም ዓይኑ እያየ ቋጠሮውን አንድ በአንድ ፈታችው።

አሁን እኔም እንደ እሷ በክር እቋጥራለሁ፤ መዝገቤን የሚጽፍልኝ ልጅ «አባባ፣ ክሩን ይጣሉት» ይለኛል። መዝገቡን ይጻፍ፣ አልከለከልሁም። ባለፈው ሳምንት የዘለላቸውን ሁለት ነጠላዎች ግን ያገኘናቸው በክሬ ነው። አልጥለውም። ፊደል ሳልቆጥር ሒሳቤን ያስያዘችኝ አክስቴ ጥሩነሽ ናት።