ኮምጣጤ የነካው መቃብር

ሜቪስ ትሬንት እንግሊዝ አገር ዮርክሻየር ያለውን ቤተ ክርስቲያን ሃያ ስድስት ዓመት ስትጠርግ ሙታን አንድም ቀን አስፈርተዋት አያውቁም። የሚያስፈራት በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ ዛሬ ደግሞ ሚስተር ኦልድሮይድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወለሉ ላይ ደራሲዋ ሄስተር ዋይንፎርድ ከሥሩ የተቀበረችበት የኖራ ድንጋይ አለ። ጎብኚዎች አበባ በጠርሙስ እያስቀመጡ አረንጓዴ ክብ አበጁበት። ቄሱ፣ "ውሃ ብቻ፣ ሜቪስ። ሌላ ነገር ካፈሰስሽበት ሥራሽ አበቃ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ ትመልሺልኛለሽ" ብለዋት ነበር። እሷ ግን ቆሻሻ አይታ ማለፍ አልፈጠረባትም። የሻይ ማንቆርቆሪያዋን በምታጸዳበት ኮምጣጤ ዘፍዝፋ በሽቦ ብሩሽ ፈተገችው። ክቡ ለቀቀ፤ ኮምጣጤ የኖራ ድንጋይ ይበላልና ከስሙ ሥር ያለችው ቀጭን ጽሑፍም አብራ ለቀቀች። ሊኩሉ ሄደው ዓይን ማጥፋት ይሏል ይህ ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም አላወቀባትም። ጎብኚው ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ሚስተር ኦልድሮይድ ግን ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ከወሰደው ወዲህ በየዓመቱ በደራሲዋ ልደት እየመጡ ድንጋዩን በጣታቸው ያነባሉ። ሜቪስ ባሏ ከሞተ ጀምሮ እንዴት አደርሽ የሚላት ሰው ያለው እዚህ ብቻ ነው። ቁልፉ ከሄደ ከራዲዮኗ ጋር ተፋጣ መቅረቷ ነው።

ዛሬ ያ የልደት ቀን ነው፤ ረፋዱ ላይ የሚስተር ኦልድሮይድን በትር ኳኳታ ሰማች። ቄሱም አብረዋቸው ነበሩ።

"ሜቪስ፣ አሁንም አላባረሩሽም?" አሉ ሽማግሌው እየሳቁ።

"ማን ደፍሮኝ" አለች፤ ድምጿ ግን የራሷ አልመሰላትም።

ሚስተር ኦልድሮይድ ተንበረከኩ። ጣታቸው በትልልቁ የተቀረጸውን ስም አገኘ፤ ወደ ታች ወረደ፤ ቆመ። ተመልሶ ወረደ። አሁን ጉዴ ፈላ ብላ ጠበቀች።

ሽማግሌው ግን ጣቶቻቸውን እፍ እፍ ብለው፣ በኮታቸው አሻሽተው ደግመው ሞከሩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር" አሉ በዝግታ። "ከዓይን ቀጥሎ ጣትዎ ይደነዝዛል ብሎኛል። ትልልቁ ፊደል ብቻ ነው የሚሰማኝ። እንግዲህ በጣት የሚነበበውን የዓይነ ስውር መጽሐፍ ማንበብም ቀረ።"

"አይዞዎት" አሉ ቄሱ ትከሻቸውን ይዘው።

ዝም ብትል አበቃ፤ ነገሩ ተዳፍኖ ይቀራል። ሜቪስ ይህ ሲገባት ለአንድ አፍታ ደስ አላት። ደስ ስላላትም ራሷን ፈራች፤ ቄሱን ከፈራችው ይበልጥ።

አጠገባቸው ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች። "ጣትዎ ደህና ነው፣ ሚስተር ኦልድሮይድ። ጽሑፏ ናት የሌለችው። እኔ ነኝ በኮምጣጤ ያጠፋኋት። እዚህ ጥግ አልደረሰም፤ እስቲ ይንኩ።"

ከጥጉ ቀጭን የዓመት ቁጥር ነበረች። በጣታቸው ዳሰሷት።

"አሥራ ስምንት... መቶ... አርባ ሁለት" አሉ፤ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። "ደግሜ ላንብባት።"

ሜቪስ እጃቸውን እንደያዘች ቀረች። ቀና ብላ ቄሱን ለማየት አልደፈረችም።