የእቴ ፋጡማን ሰላምታ የቆረጥኩት እኔ ነኝ

ከከሚሴ የተነሳሁ ማታ በግቢያችን የነበሩትን አንድ በአንድ ልጥቀስ፤ በኋላ «እኔም ነበርኩ» የሚለው እንዳይበዛ። እናቴ መዲና የበሩ ደፍ ላይ ቆማለች። አባቴ አሊ ሻንጣዬ ብቻውን የሚሄድ ይመስል እጁን ጭኖበት ተቀምጧል። እህቴ ዘይነብ ስልኬን ይዛ ቻርጁ ሞላ አልሞላ እያለች ታያለች። ጎረቤታችን እቴ ፋጡማ ነበረች፤ ልጇ ሐሊማ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ኪታብ ያስቀሩኝ፣ ማለትም ያስተማሩኝ ሸህ ሰይድ ዱአ ሊያደርጉ መጥተዋል። አጎቴ ሁሴንም ነበር፣ ከጨፋ ሮቢት። እሱ እንኳ ሊሸኘኝ አልመጣም፤ ገበያ ያወጣው በሬ ሳይሸጥለት ቀርቶ እኛ ዘንድ ሊያሳድረው ነው የመጣው። ስለዚህ በሬውም ነበር። ከበር ውጭ ደግሞ የሚኒባሱ ሹፌር አብዱ፣ ክላክሱን እየነፋ።

ዱአው አልቆ «አሚን» ከተባለ በኋላ ስንብቱ ጀመረ። በእኛ አገር ስንብት ማለት ሰላምታን ከመጀመሪያው እንደገና መጀመር ነው። ቀኑን ሙሉ አብረውኝ የዋሉ ሰዎች ደህና መሆን አለመሆኔን ይጠይቁኝ ጀመር።

«ኧረ ሰዎች!» አለ አብዱ ከውጭ። «ልጁ የሚሳፈረው አውሮፕላን ነው፤ እንደኔ ቆሞ የሚጠብቅ እንዳይመስላችሁ!»

«የሚያነሳው አላህ ነው፣ ሳይፈቅድ አይነሳም» አሉ ሸህ ሰይድ፣ እጄን ሳይለቁ።

እቴ ፋጡማ ጎተተችኝ። «ሐሊማን ስታገኛት እናትሽ ደህና ናት በላት።»

«እቴ፣ እኔ የምሄደው ሻርጃ ነው። ሌላ አገር ነው እኮ።»

«ሁሉም ዓረብ ቤት አይደል? ጎረቤት ናችሁ።»

ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ከሚሴ ገበያ ለብርድ ልብስ ነጋዴዎች በስልኬ ቪዲዮ እየቀረፅኩ እለቅላቸው ነበር። ያስተማረኝ የለም። ሰው የለቀቀውን ደጋግሜ እያየሁ፣ የት ላይ እንደተቆረጠ እያቆምኩ ነው የተማርኩት። ብርድ ልብስ የጠዋት ብርሃን ከጎን ካልመታው ጸጉሩ አይታይም፤ ይህን ለማወቅ ብቻ ስንቱን ብርድ ልብስ አውለብልቤያለሁ። እቴ ሶፍያ የምትባል የባቲ ሴት ቪዲዮዎቹን ሻርጃ ሆና አየቻቸው። ድሪያ የሚባለውን የሴት ቀሚስና ሽርጥ የምትሸጥበት ጠባብ ሱቅ አላት። ደንበኞቿ በየዓረብ አገሩ ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ናቸው። እነሱ ከስልክ ላይ መርጠው ያዛሉ፣ እሷ በመንገደኛ እጅ ወሎ ትልካለች፣ እናቶቻቸው ይለብሳሉ። ችግሩ የኢንተርኔት ገጿን ከራሷ እህቶችና ከእህቶቿ ልጆች በቀር የሚከተለው የለም። ቪዛ ላከችልኝና ውሉን በድምፅ መልእክት ነገረችኝ፦ «ስማ ልጄ፣ እስከ ዒድ ገጹን ካሳደግክልኝ ትቀራለህ። ካላሳደግክ ከጨርቅ ጋር ጠቅልዬ ወደ እናትህ እመልስሃለሁ፤ ኪሎህም ያን ያህል አይደለም።»

እናቴ መልእክቱን አብራኝ ሰማች። «እስከ ዒድ ነው በለኛ» አለች።

ሻርጃ ኤርፖርት ስደርስ ቪዛዬ ላይ «ሴልስማን» ይላል፤ ሻጭ ማለት ነው። የፓስፖርት መኮንኑ በዓረብኛ ጠየቀኝ፤ እኔም በዓረብኛ መለስኩለት። የኔ ዓረብኛ ግን ከሸህ ሰይድ ኪታብ የተገኘ የጥንት ዓረብኛ ነው። ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጠና ጓደኛውን ጠራው።

«ና ስማው! ከመቃብር የተነሳ ሰው መጥቷል!»

ጓደኛው መጣ። «ምንድን ነው የምትሸጠው?»

ነገርኩት።

«አልሰማሁህም።»

ደግሜ ነገርኩት።

«በዚህ ድምፅ ምን ልትሸጥ ነው? ዝምታ?» አለና ማኅተሙን መታልኝ።

ሻርጃ ሙቅ ናት። የባቲን ሙቀት የምታውቁ አውቃለሁ ትሉ ይሆናል፤ አታውቁም። የባቲ ሙቀት ጥላ ስታገኝ ይተውሃል። የዚህኛው ጥላ ውስጥም ተከትሎህ ይገባል፣ አጠገብህም ይቀመጣል። ኹብዝ የሚሉት ቂጣ አላቸው። የማሽላ እንጀራ የለመደ ሆድ ኹብዝ ሲገባበት እንግዳ መጣ ብሎ ይቀመጣል እንጂ ምግብ መጣ አይልም። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሊፍቱ ነው። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይቆማል። የመጀመሪያ ቀን «አሰላሙ አለይኩም» ብዬ ገባሁና ከጥግ ጀምሬ እያንዳንዱን እንዴት አደርክ አልኩ። ሁለት ሰዎች ፎቃቸው ሳይደርሱ ወረዱ።

የማድረው ቤድ ስፔስ ነው፤ አልጋ ብቻ ማለት ነው። አከራዩ ቁልፍ እያሽከረከረ የሚዞር ሰው ነው። ዓረብኛም፣ እንግሊዝኛም፣ ሂንዲም ባልሆነ፣ ግን ሁላችንም በምንግባባበት ቋንቋ ያናግረናል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የስልክ ማቆሚያ ነው።»

«ሦስት እግር አለው። የተከራየኸው አልጋ ነው፤ ወለሉ የጋራ ነው። አልጋህ ላይ አቁመው።»

«አልጋው ይንቀጠቀጣል እኮ።»

«አትንቀሳቀስ።»

«የሚንቀሳቀሰው ከላይ ያለው ሰውዬ ነው።»

«እሱ ከፍሏል» አለና ሄደ።

ወደ ሥራው ልግባ። ይህን ሥራ የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፤ ቪዲዮ ሲከፈት ሰው ዓይኑን እስኪያርገበግብ ካልያዝከው በጣቱ ያንሸራትትሃል። ስለዚህ ሕጌ አንድ ነበር፦ ትርፍ ነገር ሁሉ ይቆረጥ። ድሪያውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቀረፅኩ፤ ማንም አላየም። ንፋስ እንዲመታው ከቬንትሌተር ፊት ሰቀልኩት፤ የእቴ ሶፍያ እህቶች ብቻ «ማሻ አላህ» አሉ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ልብሱን የምትቀበለው እናት ለምን አትታይም?

ሐሊማ ከሪያድ ለእናቷ አረንጓዴ ድሪያ አዛ ነበር፣ ዳር ዳሩ ቢጫ አበባ ያለው። ሲደርስ ዘይነብ እቴ ፋጡማን እንድትቀርፅልኝ አደረግኩ። ብርሃኑ ከየት መምጣት እንዳለበት፣ ስልኩ በየትኛው ቁመት እንደሚያዝ ሁሉ ነገርኳት። የላከችልኝ ቪዲዮ ግን ረጅም ነበር። እቴ ፋጡማ ልብሱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሰላምታዋን ቀጠለች፤ ለሐሊማ፣ ለሐሊማ እመቤት፣ ለእመቤትየዋ ልጆች፣ ጥርሱን ላመመው ለትንሹ ልጅ፣ ለቤታቸው ሹፌር። መሃል ላይ ሳል ያዛት። ድሪያው የተነሳው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ከሳሏም፣ ከሹፌሩም፣ ከሁሉም ቆርጬ ድሪያውን ስታነሳና «ያምራል» ስትል ብቻ አስቀረሁ። ጥርት ያለ ሥራ ነበር። ለቀቅኩት።

በማግስቱ የሐሊማ ድምፅ ደረሰኝ። «አንተ የመዲና ልጅ! እናቴን ምን አደረግካት? ጨርቅ ስታይ ልጇን ረሳች እያሉኝ ነው! እዚህ ያሉት የአገሬ ልጆች ሁሉ ይስቁብኛል! እናቴ ሰላምታ የማታውቅ ሴት ናት እንዴ?»

ከሚሴም ነገሩ ደርሶ ኖሯል። ገበያ ላይ አንዷ እቴ ፋጡማን «ልጅሽ ደህና ናት? አዬ፣ ለካ አንቺ ልብስ ብቻ ነው የምትጠይቂው» ብላ አላገጠችባት አሉ። እቴ ፋጡማ ድሪያውን አጣጥፋ እናቴ ዘንድ ሄደች። «ለልጅሽ መልሺለት» አለቻት። «ሰላምታዬን ጥሎ ልብሱን ከመረጠ፣ ልብሱን ይውሰድ።» እናቴና እሷ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ቀን ተኳርፈው አያውቁም። ተኳረፉ።

በስልክ ሽምግልና ተቀመጥኩ። ሸህ ሰይድ፣ እናቴና እቴ ፋጡማ ስልኩን መሃል በርጩማ ላይ አስቀምጠውታል፤ እኔ ሕንፃው ደረጃ ላይ፣ ከእሳት ማጥፊያው አጠገብ ነኝ። ሸህ ሰይድ ከሰላምታ ጀመሩ። ሰላምታው ሲያልቅ ዋይፋዩ ተቋረጠ፤ ሲመለስ ከሰላምታ ጀመሩ።

«ሸህ፣ ይስሙኝ» አልኩ። «እዚህ ሰው አይታገስም። አንድ ቃል ሳይሰማ ያልፋል።»

«ማነው የሚያልፈው?»

«የሚያየው ሰው።»

«የማን ልጅ ነው?»

«አይታወቅም።»

«ታዲያ ለማታውቀው ሰው ብለህ ያሳደገችህን ጎረቤት ታሳፍራለህ?»

አጎቴ ሁሴን «በሬ ስንሸጥ እንኳ ሰላም ሳንባባል ጥርሱን አናይም» ብሎ ጨመረ። እሱን ማን እንደጠራው አላውቅም።

«የቆረጥከውን መልሰው» ብለው ፈረዱ ሸህ። «ሙሉውን።»

«ሳሏን ግን ላውጣው?»

«ሳሏንም መልስ» አለች እቴ ፋጡማ ራሷ። «ሐሊማ የምትደውለው መታመሜን ስትሰማ ነው።»

ለእቴ ሶፍያ ሙሉውን አሳየኋት። እስከ ሹፌሩ ድረስ ታገሰች። «ይህን ሁሉ ማን ያያል?» አለች። «ሻንጣህ የት ነው ያለው?»

«ከአልጋዬ ስር።»

«በል ልቀቀው። ዒድም ቀርቧል፣ ስትሄድ ከሰው ታርቀህ ሂድ።»

ለቀቅኩት። አንድ ነገር ግን ቆርጬ ስጥለው አላስተዋልኩትም ነበር። እቴ ፋጡማ ሹፌሩን ከጠየቀች በኋላ ቀና ብላ ስልኩን ታያለች። «እናንተም ይህን የምታዩ ልጆች» ትላለች፣ «አከም ጅርቱ? ማቲን ፈያዳ? እንዴት ናችሁ፣ ቤተሰቡ ደህና ነው? ከብቱ ደህና ነው? የማን ልጆች ናችሁ?»

ሰው መለሰላት። «ደህና ነኝ እቴ። የከድር ልጅ ነኝ፣ ከጨፋ ሮቢት፤ አሁን ኩዌት።» «የአሻ ልጅ፣ ባቲ። ቤይሩት ነኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ እመቤቴን አሟታል፣ አላህ ይጨምርላት።» «እቴ አታውቂኝም፣ ጎጃሜ ነኝ፤ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ስለጠየቅሽኝ ደህና ነኝ።» ዘይነብ ለእቴ ፋጡማ አነበበችላት፤ እሷም መልስ ካልሰጠሁ ብላ ስልኩ ፊት ቀረበች። «የትኛው ከድር? ያ አህያው ጨፋ ሜዳ ላይ የጠፋችበት?» ሁለተኛው ቪዲዮ ከመጀመሪያው ረዘመ። አህያዋ ተገኝታለች ብሎ የከድር ልጅ ጻፈ። ሌላው ደግሞ የት እንደተገኘች ጠየቀ።

ከዚያ በኋላ ገጹ እጄ ላይ አደገ ማለት ይከብደኛል፤ እኔ አልነካሁትም። ድሪያው መሸጥ የጀመረበትን ምክንያት ግን ቁጭ ብዬ አስቤ ደርሼበታለሁ። የማን ልጅ እንደሆንክ በአደባባይ ከጻፍክ በኋላ ለእናትህ ሳትልክ ዝም ማለት አትችልም። ሰው ያየሃል። ልኮ የማያውቅ ሁሉ ላከ፤ የላከው ደግሞ እናቱ ከእቴ ፋጡማ አንሳ እንዳትታይ በደንብ ሰላም እንድትል ለዘይነብ አደራ አለ። ዱባይ ማርኬቲንግ አስተምራለሁ የሚል አንድ ልጅ ሱቃችን መጥቶ «ስትራቴጂያችሁ ምንድን ነው?» ሲል እቴ ሶፍያ ሽርጥ እያጠፈች «አርጅታለች፣ ያስላታል» አለችው።

እቴ ፋጡማም ድሪያዋን ለብሳ ከእናቴ ጋር ታረቀች።

ዒድ ሊደርስ ሲል እቴ ሶፍያ ጠራችኝ። «ትቀራለህ» አለችኝ። «ሁለት ዓመት። ስትስቅ አይቼህ አላውቅም፣ ዛሬ እንኳ ሳቅ።»

ቤት ደወልኩ። እናቴ እቴ ፋጡማ ቤት ነበረች፣ ሸህ ሰይድና አጎቴ ሁሴንም ነበሩ፤ ስልኩ ድምፁ ተለቆ መሃል ላይ ነው። «እማ፣ ገጹ አደገ። ቀረሁ» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ከዚያ ጠየቀችኝ። እቴ ሶፍያ ጉልበቷ እንዴት ሆነ? የሱቁ ልብስ ሰፊስ? አከራዩ ወለሉን ፈቀደ? ከላይ የሚተኛው ሰውዬ እንቅልፍ ወስዶት ያውቃል? ሙቀቱ በረደ? ከብት እንደሌለኝ እያወቀች ከብቱንም ጠየቀች። አንድም የቀረ ሰው የለም። መቼ እንደምመጣ ግን አልጠየቀችኝም። ጆሮዬን ደቅኜ ጠበቅኩ፤ ሳትጠይቀኝ «በል፣ ሥራህ ላይ ነህ» ብላ ተሰናበተችኝ።

ዘይነብን በኋላ ጠይቄያት «ደህና ናት» አለችኝ። ይህ መልስ አይደለም። ስለዚህ ያን ቀን እዚያ ቤት የነበራችሁ፣ እቴ ፋጡማ፣ አጎቴ ሁሴን፣ ሸህ ሰይድ፣ ስማችሁን ያልሰማሁት ሌሎችም፣ የምታስታውሱትን ጨምሩልኝ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እናቴ ወዲያው ተነሳች ወይስ እዚያው ተቀመጠች? ስልኩን ለማን አቀበለች? ምን አለች? ሸህ፣ ለእርስዎ አንድ ጥያቄ አለኝ። ረመዳኑን በሙሉ ዱአ አድርጉልኝ እያለች ትመጣ እንደነበር ሰምቻለሁ። ገጹ እንዲያድግ ነበር የምትለምነው ወይስ እንዳያድግ? «አሚን» ያላችሁት በየትኛው ላይ ነው?