በኮረንቲ ያጠርኩት በቆሎ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ፣ ሲሬ ውስጥ ነው። ብረሳው ደስ ይለኝ ነበር፤ ሰፈሩ ግን አላስረሳ ብሎኛል።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ሲሆን ሲሬ ከተመደብኩ አራት ዓመት አልፎኛል። ከከተማው ዳር በተከራየሁት ቤት ጓሮ በቆሎ ዘርቼ ነበር። "በዚህ ደመወዝህ ልጄን ምን ታበላታለህ?" የሚሉኝ አማቴ ለእሸት ሊመጡ ስለነበር፣ በቆሎው የክብር ጉዳይ ሆኖብኛል።

የሰፈራችን ጠላት ጦጣ ነው። እሸት ሲደርስ ጎረቤቶቹ ተራ ይገባሉ። ባለተራው ወንጭፉን ይዞ የሁሉንም ጓሮ ይጠብቃል። እኔም ሦስት ዓመት ተራዬን ጠብቄያለሁ። ባለፈው ክረምት ግን "ሳይንስ እያለ ወንጭፍ ምን ያደርጋል?" ብዬ ከተራው ወጣሁ። በባትሪ የሚሠራ፣ የሚያስደነግጥ እንጂ የማይገድል የአጥር ኮረንቲ አስመጥቼ ጓሮውን ዙሪያውን ሽቦ ወጠርኩበት። "አደጋ! አትንኩ!" ብዬ በሁለት ቋንቋ ጻፍኩ። ጎረቤቶቼንም ሰብስቤ ስለ ኮረንቲ ትንሽ አስተማርኳቸው።

አጥር የምንጋራቸው እናት፣ አዴ ጫልቱ፣ አዳምጠው ሲያበቁ ቀና ብለው አቮካዷቸውን አዩ። ቅርንጫፉ ከእኔ በቆሎ በላይ ተዘርግቷል።

"ያ በርሲሳ፣ ቀመሌ በበር ነው እንዴ የሚገባው?" አሉኝ።

ቀመሌ በኦሮምኛ ጦጣ ነው፤ በርሲሳ፣ ማለትም መምህሩ፣ እኔ ነኝ። ሳቅኩባቸው።

አማቴ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰፈሩ አጥሬ ዙሪያ ቆሟል። ውስጥ አራት ጦጣዎች አሉ። ከአቮካዶው ላይ ዘለው ወርደዋል፤ ቅርንጫፉ ግን ከመሬት ዘለው የሚደርሱበት አይደለም። ሰው ሲጮህባቸው ሊወጡ ይሮጣሉ፣ ሽቦው ይነዝራቸዋል፣ ተመልሰው መብላታቸውን ይቀጥላሉ። መውጫ ያጣ ምን ያድርግ?

"ምነው ገብታችሁ ብታባርሯቸው?" ብዬ ጮህኩ።

የዕለቱ ባለተራ አዴ ጫልቱ ነበሩ። "አትንኩ አልከን። ተማርን እኮ" አሉኝ።

ኮረንቲው የሚጠፋበትን ማሽን የሰቀልኩት ከአጥሩ ውስጥ ነው። የበሩ ሽቦ የሚያዝበት የፕላስቲክ እጀታ ነበረው፤ እኔ ግን ተቻኩዬ ራሱን ሽቦውን ያዝኩት። ጭቃው ላይ በጀርባዬ ተዘረርኩ።

"ያ ዋቃዮ!" ብለው አዴ ጫልቱ ፈጣሪያቸውን ጠሩ።

ደግነቱ እንዳስተማርኩት አይገድልም። ተነስቼ በእጀታው ከፍቼ ገባሁና አጠፋሁት። ጦጣዎቹ እኔ በከፈትኩት በር ወጡ፤ የመጨረሻዋ አንድ እሸት ብብቷ ሥር ሸጉጣለች። ሰፈሩ የሳቀው ያኔ ነው። እኔ እንባዬ መጣ። ለእንግዳ የሚቀርብ አንድ እሸት አልተረፈኝም።

በማግስቱ አማቴ ገና አረፍ ሲሉ አዴ ጫልቱ ትኩስ ቅቅል እሸት በሰፌድ ሞልተው ገቡ።

"የበርሲሳ ጓሮ እሸት ነው" አሉ፣ ፊታቸው እንኳ ሳይለወጥ።

አማቴ ሦስት በሉና "ለካ ገበሬም ነህ" አሉኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ "ይጨምሩ እንጂ" አልኳቸው። እንደዚያ ቀን አፍሬም ተደስቼም አላውቅም።

አሁን ወደ ተራው ተመልሻለሁ። ስሜ አባ ኮረንቲ ሆኗል። ማሽኑን ለትምህርት ቤቱ ሰጥቼዋለሁ፤ ሽቦው ላይ አዴ ጫልቱ ልብስ ያሰጡበታል። አማቴ ዘንድሮም ለእሸት እመጣለሁ ብለዋል። ያኔ የማንን እሸት እንደበሉ እስካሁን አልነገርኳቸውም። ቅዳሜ ተራዬ ሲደርስ ግን ከራሴ ጓሮ አስበልጬ የአዴ ጫልቱን እጠብቃለሁ።