አጭሩ ገመድ

ኦሳካ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው የአሮጌ ጌም መሸጫ ዘወትር የማገኛቸው አንዲት ሴት አሉ። ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም። የዓሣ መሸጫ ሽርጣቸውን ሳያወልቁ፣ የጎማ ቦት ጫማቸውን እየጎተቱ ገብተው ጥግ ካለችው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ከኪሳቸው መዳፍ የምታህል የጌም ማጫወቻ ያወጣሉ፤ ጨዋታዋ ልጆች ካርታ እየሰበሰቡ የሚፋለሙባት ዓይነት ናት። ከመጀመራቸው በፊት፣ ፊት ለፊታቸው ሰው የተቀመጠ ይመስል፣ ለማጫወቻዋ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሉ። ሲሸነፉም እንደዚያው።

«እትዬ፣ እሷ እኮ አታይዎትም!» ይላቸዋል ባለሱቁ ኩራሞቺ።

«ለማያየኝ እጅ መንሳት ለምጃለሁ። አንተ ይልቅ ሱቅህን ጥረግ!»

ባለፈው ሰሞን ሁለት ማጫወቻ የሚያገናኘው ገመዳቸው ተበጥሶ ሌላ ሊገዙ መጡ። ኩራሞቺ ረጅሙን አወጣላቸው።

«ይኼ ይሻልዎታል። አንዱ ሳሎን፣ አንዱ መኝታ ቤት ሆኖ ያጫውታል።»

«አይ፣ አጭሩን ስጠኝ» አሉ። «ልጄ ክፍሏን ዘግታ መውጣት ካቆመች ከርማለች። ድምጿንም አልሰማም ነበር። አሁን ገመዱን በበሩ ስር አሾልክላታለሁ፤ እሷ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ ሆነን እንጫወታለን። ገመዱ አጭር ሲሆን በሩ ድረስ መጥታ መቀመጥ ግድ ይላታል። በቀደም ስታሸንፈኝ ሳቀች፤ እዚህ፣ ጆሮዬ ስር!»

ኩራሞቺ ረጅሙን ወደ ቦታው መለሰ። አጭሩን ገመድ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

ሴትየዋ የሱቁ በር ላይ ደርሰው ዞር አሉ።

«ከዚህም የሚያጥር ካገኘህ አስቀምጥልኝ፣ እሺ?»