ትልቅ ይቀድማል ብዬ የገጠምኩት ፍሬን

ትናንት ከዙህር ሶላት በኋላ ፒክአፔን በክሪክ አንስቼ፣ የኋላ ጎማዋን ፈትቼ፣ ከሥሯ ቁጭ እንዳልኩ ስልኬ ጮኸ... ልጄ ሐዋ ናት፣ ከጅዳ።

ሐዋ ሰው ቤት ልትሠራ ከሄደች ሰባተኛ ዓመቷ ነው። በየዓመቱ «ለዒድ እመጣለሁ» ትላለች... ዒዱ ይመጣል፣ እሷ ትቀራለች።

«አባ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«የኋላ ፍሬን ሸራ እየቀየርኩ።»

«ፔዳሉን ማን ይረግጥልዎታል?»

«ዱላዬ።»

እውነቴን ነው። ማስተካከሉ ላይ ስደርስ ዱላዬን በወንበሩና በፔዳሉ መሀል እወጥረዋለሁ፣ መልሼ አነሳዋለሁ። የዚህች መኪና የኋላ ፍሬን የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ከላይ ይረግጣል፣ ይለቃል። ሌላው ከታች የማስተካከያውን ጥርስ በካቻቪቴ ያዞርና ጎማውን በእጁ እያሽከረከረ ያዳምጣል። ሸራው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ታምቡር ጨርሶ ካልነካው ፍሬኑ ላልቷል፤ ጎማው አልዞር ካለ ጠብቋል። እንደ ሹክሹክታ ሽው... ካለ ልክ ነው።

ሐዋ እስክትሄድ ድረስ የምትረግጠው እሷ ነበረች። «ርገጪ» እላለሁ፣ «ልቀቂ» እላለሁ... ከዚያ ሌላ ብዙ ወሬ አልነበረንም። ከሄደች ወዲህ ጎረቤቴ «ልርገጥልዎት» ቢለኝም እምቢ አልኩ። ቦታዋን ለሰው ከምሰጥ ለዱላ መስጠት መረጥኩ።

ሸራውን የገዛሁት ደሴ ነው። ባለሱቁ ሁለት ዓይነት አወጣልኝ፤ አንዱ በማጣበቂያ የተለጠፈ፣ ሌላው በመዳብ ሚስማር የተመታ።

«ፋዘር፣ የተለጠፈውን ይውሰዱ፣ ዘመናዊ ነው» አለኝ።

«ማጣበቂያው የወግዲን ቁልቁለት ያውቀዋል?» አልኩት።

በሚስማር የተመታውን ወሰድኩ፤ ሚስማሩን በዓይኔ አየዋለሁ፣ ማጣበቂያውን ግን በምን አምነዋለሁ? ልወጣ ስል «አደራ፣ የአንድ ጎማ ሁለቱ ሸራዎች እኩል አይደሉም፣ አጭሩን...» ብሎ ሲጀምር «አውቃለሁ» ብዬው ወጣሁ። ሞተር ፈትቼ የገጠምኩት ማንም ሳያስተምረኝ ነው፤ ሸራ መግጠም ከባለሱቅ አልማርም።

ሐዋ ስለ ዱላው ስነግራት ወደ ሸራው ዞረች።

«አባ፣ አሁንም ረጅሙን ከፊት ነው የሚያደርጉት?»

ለማያውቅ ልንገር። በእያንዳንዱ የኋላ ጎማ ውስጥ ሸራ የተመታባቸው፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ሁለት ብረቶች አሉ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይቆማል። የአንዱ ሸራ ረጅም ነው፣ የአንዱ አጭር። እኔ መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ ረጅሙን ከፊት አድርጌ ነው የምገጥመው። በእኛ አገር በር ላይም ሆነ ማዕድ ላይ ትልቅ ሳይቀድም ትንሽ አይገባም። ብረት ከዚህ ደንብ የሚወጣበት ምክንያት አልታየኝም።

«ትልቅ ይቀድማል» አልኳት።

«ፍሬን ላይ የሚቀድመው አጭሩ ነው፣ አባ። አንድ የወግዲ ሹፌር ሲገጥም አይቼ ነግሬዎት ነበር እኮ።»

ነግራኛለች። እዚሁ ግቢ፣ እዚህችው መኪና አጠገብ። ያን ጊዜ «ደግሞ አንቺ ፍሬን ልታስተምሪኝ ነው?» ብዬ በሰው ፊት ዝም አሰኘኋት። ከዚያ ወዲህ «ርገጪ» ስላት ትረግጣለች፣ «ልቀቂ» ስላት ትለቃለች... ያሰበችውን መንገር ግን ተወች። ዓረብ አገር እንደምትሄድ የነገረችኝም ፓስፖርቷን ከያዘች በኋላ ነው።

«ለዒድ ትመጫለሽ?» አልኳት።

«ኢንሻአላህ... ማዳሜ ከፈቀደች...» አለች፤ ኔትወርኩ ተቆረጠ።

የታቀፍኩትን ታምቡር አስቀምጬ፣ ሞላዎቹን አውልቄ፣ በሁለቱም ጎማ አጭሩን ወደ ፊት አዛውሬ፣ ረጅሙን ወደ ኋላ ገጠምኩ። ማንም አላየኝም። ጎማውን ሳዞረው ሽው አለ።

ዓሥር ሰዓት ሲሆን ከከተማ ወጥቼ የወግዲ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያዝኩ... መኪናዋ ቆመች። በአንድ መርገጥ፣ ሳታንገራግር።

ያንን ቁልቁለት ሃያ ዓመት ሙሉ ሦስቴ አራቴ እየረገጥኩ ነው የወረድኩት። ተሳፋሪ ሲፈራ «መኪና እንደ ሽማግሌ ናት፣ ተለምና ነው የምትሰማ» እል ነበር። ለካ አልሰማ ያለው መኪናዋ አልነበረችም።

ሞተሩን አጥፍቼ እዚያው መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። «ልቀቂ» የምትለው ቃል አፌ ድረስ መጣች... የምላት ሰው የለችም።

ዛሬ ጠዋት መልሳ ደወለች።

«አባ፣ ሸራውን ገለበጡት?»

«አልገለበጥኩም።»

«ምን ነው አባ! በዚያ ፍሬን ወግዲ ሊወርዱ ነው?»

«አልወርድም። ያልሽው አንቺ ነሽ፣ መጥተሽ ገልብጪው። እስከዚያ መኪናዋ ግቢ ትቆማለች።»

ሳቀች።

«ማዳሜን እጠይቃታለሁ... ዘንድሮ አጥብቄ እጠይቃታለሁ» አለችኝ።

ዋሽቻለሁ። ለልጅ መዋሸት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አልመልሰውም። ይህን የምጽፍበትን ገጽ በስልኳ እንደምታየውም አውቃለሁ። አንብባ «ዋሽተውኛል» ካለች... መጥታ ረግጣ ትየው፣ ዱላዬን ከፔዳሉ ላይ አንስቻለሁ።