ሐጂን መጠየቅ ስላፈርኩ

አባቴ የሞተ ሰሞን ኦንላይን አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ። ቀላል ጥያቄ ነበር። መልሱን ከጠየቅኋቸው ሰዎች እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ ሌላ ሌላውን ግን ሁሉንም አግኝቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ክርስቲያን ነን፤ አጥር የምንጋራቸው ሐጂ ሙስሊም ናቸው። እኛ አገር፣ ወሎ መካነ ሰላም ውስጥ፣ ድግስ ያለበት ሰው ሁለት ድግስ ነው የሚደግሰው፤ አንዱን ለክርስቲያኑ፣ አንዱን ለሙስሊሙ። የሙስሊሙን ከብት ሙስሊም ያርደዋል፣ ወጡም ለብቻው ይሠራል፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራል። የእኛን ቤት የሙስሊም ድግስ ጉዳይ አባቴና ሐጂ ሁለቱ ብቻ ነበሩ የሚጨርሱት። እንዴት እንደሚጨርሱት አይቼ አላውቅም። እኔ ሁልጊዜ በክርስቲያኑ ወጥ በኩል ሽንኩርት ስከትፍ ነበርኩ።

አሁን አባቴ የለም፤ የአርባው ተዝካር ደርሷል። ለሙስሊሞቹ የሚታረደው ወይፈን ተገዝቶ ጓሮ ታስሯል። ማን እንደሚያርደው፣ እኛ ግቢ ይታረድ ወይስ ከነነፍሱ ለሐጂ ይሰጥ፣ አላውቅም። ጠላ ልትጠምቅ ከደጎሎ የመጣችውን አክስቴን ጠየቅኋት።

«አባትሽ ነበር የሚያውቀው» አለችኝ። «እኔ የጠላው ነኝ።»

ለምን ሐጂን ሄደሽ አልጠየቅሽም የሚለኝ ይኖራል። ሰውን ወደ ቤት ጠርቶ «ምን ላብላዎት? እንዴት አድርጌ ላብላዎት?» ማለት እኛ ዘንድ አላውቅዎትም ከማለት አይለይም። ዕድሜ ልካቸውን አጥር ለአጥር የኖሩትን ሰው፣ አባቴን በቀበርኩ ሰሞን፣ እንዲህ ብዬ ላሳፍራቸው አልፈለግሁም። አባቴ ደግሞ አንድ ጠባይ ነበረው፤ ሐጂ እጃቸውን ታጥበው ካልተቀመጡ በገዛ ድግሱ ማዕድ አይቀርብም። በተዝካሩ ቀን የሐጂ ቦታ ባዶ ከሆነ፣ ለእኔ ያባቴ ተዝካር አልወጣም ማለት ነው። የፈራሁት ይህን ብቻ ነበር።

ስለዚህ ያገሬ ልጆች የሚገናኙበት ግሩፕ ውስጥ ጻፍኩ። የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ በራሴ ስም አልጽፍም፤ ስሜ የአበባ ነው፣ ፎቶዬም የአበባ ነው። እንዲህ አልኩ፦ «ሰላም ናችሁ የቦረና ልጆች። ቤታችን መካነ ሰላም መስጊዱ አጠገብ ነው። ለአባቴ ተዝካር ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ይመጣሉ። የእነሱን ወይፈን ማን ነው የሚያርደው? እኛ ግቢ ነው ወይስ እነሱ ግቢ? የምታውቁ ንገሩኝ።»

የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ነፍስ ይማር አሉ። አመሰገንኩ። ቀጥሎ አንዱ መጣና ተዝካር መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የት ቦታ እንዳለ እንዳሳየው ጠየቀኝ። ሌላው ለእሱ ሊመልስ ገባ፤ ሁለቱ እኔን ረስተው ሲነጋገሩ ዋሉ። ሲነጋገሩ ያልኩት በጨዋ አፍ ነው። ቦረና ስላልኩ ደግሞ የወሎው ሳይሆን የደቡቡ ቦረና የመሰለው ሰው ወይፈኑን ትቼ ግመል እንዳደርገው መከረኝ። ከመልሶቹ ሁሉ በቅንነት የተጻፈው የእሱ ይመስለኛል። አንዲት የአዲስ አበባ ሴት፣ በዚህ ዘመን ለየብቻ ማረድ ኋላ ቀርነት እንደሆነ አስረዳችኝ። ድንኳን የሚያከራይ ሰው ኢንቦክስ ግቢ አለኝ። «ወሎ የፍቅር አገር!» እያሉ ልብ የደረደሩም ብዙ ነበሩ፤ በፍቅር አገር ወይፈኑን ማን እንደሚያርደው ግን አንዳቸውም አልጻፉም።

ከዚያ አንዱ ጠረጠረ። «ይቺ ሴትዮ እውነት የቦረና ልጅ ብትሆን ይሄን አትጠይቅም ነበር» አለ። ነጥቡ ጥሩ ነበር፤ እኔንም አስደነገጠኝ። ፕሮፋይሌን ከፍተው አዩት፤ ከአበባ በቀር ምንም የለበትም። ስንት እንደተከፈለኝ ጠየቁኝ። ማን እንደላከኝ ተከራከሩ፤ ላኪዎቼ በዙ። ምናልባት ግልጽ አልጻፍኩ ይሆናል ብዬ ጽሑፌን አስተካከልኩና «በቅን ልብ ነው የጠየቅሁት» የሚል ጨመርኩበት። «ምን ልትደብቅ ነው ያስተካከለችው?» ተባለ። ቅን ልብ ያለው ሰው ቅን ልብ አለኝ ብሎ እንደማያውጅም ተነገረኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን መሥሪያ ቤት ነኝ። ባለጉዳይ ፊቴ ቆሟል፤ እኔ ስልኬን አያለሁ። ተናድጄ ነበር፣ እውነቴን ነው። አባቷን የቀበረች ሴት ነኝ፤ ያልኩት ወይፈኑን ማን ይረድ ነው።

በማግስቱ አንድ ገጽ ጽሑፌን ስክሪንሾት አድርጎ አወጣው። ሰላምታውም ጥያቄውም ተቆርጦ መሀሉ ብቻ ቀርቷል፤ ቤታችን መስጊዱ አጠገብ መሆኑና ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለተዝካሩ እንደሚመጡ። ከበላዩ ደግሞ «ሙስሊም ጎረቤቶቿ ድግሷ ላይ እንዳይመጡባት መላ ለምትፈልገው እህት ምን ትላላችሁ?» የሚል ተጽፎበታል። ሰዉም ያለውን አለ።

ከሁሉ የከፋውን የጻፈችው የሐጂ ልጅ ናት። አብረን ነው ያደግነው። ሪያድ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ አባቴ ሲሞት ድምፅዋ እስኪዘጋ በስልክ አልቅሳለች። ፎቶዋን ሳይ ልታድነኝ የመጣች መስሎኝ ደስ አለኝ። «እኔ ያደግሁት እዚያው መስጊዱ አጠገብ ነው» ብላ ጀመረች። «ክርስቲያን ጎረቤታችን እንደ ልጁ አድርጎ ነው ያሳደገኝ። አንቺን የመሰለች የወለደ አባት ግን ተዝካር ባይወጣለትም ይቅር።»

ያመሰገነችውም የረገመችውም አንድ ሰው ነው። በዚያ ሳምንት መስጊዱ አጠገብ ስንት ተዝካር ሊኖር እንደሚችል ለማሰብ ንዴቷ ጊዜ አልሰጣትም። እኔ ነኝ ብዬ እንዳልጽፍ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስሜም ቤቴም ሊወጣ ነው። ደወልኩላት፤ ሥራ ላይ ስትሆን ስልክ አታነሣም። እኔ እሷን ሳላገኝ እሷ አባቷን አግኝታ ኖሯል።

ይህን ያወቅሁት ጠዋት ነው። «አሰላሙ አለይኩም ሐጂ» አልኳቸው፣ እንደ ወትሮዬ፣ በራቸው ላይ ሳገኛቸው። ሰላምታዬን መለሱልኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ቆመው ስለ እንቅልፌ፣ ስለ አክስቴ፣ ስለ መሥሪያ ቤቴ ይጠይቁኝ ነበር። ያን ቀን ገብተው በሩን ዘጉት። ቀስ ብለው ነው የዘጉት፤ ቢያላትሙት ይሻለኝ ነበር።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ እሳቸው ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ሐጂ፣ ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ልጄ ደውላ፣ ‘አባ፣ እኛ ሰፈር አንዲት የተረገመች ተነስታለች’ ብትለኝ፣ በዚህ ሳምንት ተዝካር ያለበት ቤት አሰብኩ። ከናንተ ሌላ አጣሁ።»

«እና አመኑት?»

«ወላሂ አላመንኩም። ግን መጥታ ትነግረኛለች ብዬ ስጠብቅ ዘገየሽብኝ። የከፋኝ እሱ ነው።»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወይፈኑን፣ ግሩፑን፣ ግመሉን ሳይቀር። አባቴ እንዴት ያደርግ እንደነበር አላውቅም፣ እርስዎን መጠየቅ ደግሞ ነውር መሰለኝ አልኳቸው።

«ነውር ነው እንጂ» አሉ። «አባትሽም አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።»

«ታዲያ እንዴት ያውቅ ነበር?»

«የት ያውቅና!» አሉ ሐጂ። «ከብቱን እየጎተተ ያመጣልኛል፣ እሱ ደኅና፤ እዚህ አርደን እዚሁ እንሠራዋለን። ከከብቱ ጋር ግን አዲስ ድስት ገዝቶ ይመጣል። ‘ይኸው፣ የእኛ ሥጋ ያልነካው ነው’ ይለኛል። በየድግሱ አዲስ ድስት! እኛ ቤት ድስት የሌለ ይመስል።»

«ለምን አይበቃም አላሉትም?»

«ተሸክሞ ለመጣ ሰው ምን ይባላል? ደግሞ ሚስቴ ወደደችው።»

«ወድጄ ነው?» አሉ ሚስታቸው ከውስጥ። «ማስቀመጫ አጣሁ እንጂ!»

ከል እንደለበስኩ ሳቅሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ነው፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ።

«ተዝካሩ ላይ ይመጣሉ?» አልኳቸው።

«ለእሱ ያልመጣሁ ለማን ልመጣ? አብሽሪ፣ አይዞሽ። ነገ ከብቱን አምጪልኝ።»

ልጃቸው እውነቱን ስትሰማ ደውላ «ይቅር በይኝ» እያለች አለቀሰች። የጻፈችውን አጠፋች፤ እኔም ጥያቄዬን አጠፋሁ። በማጥፋቴም ጥፋቴ ተረጋግጦ ከግሩፑ ተባረርኩ።

በማግስቱ ወይፈኑን ይዤ ወጣሁ። ወይፈን ጎትቼ አላውቅም፤ አንዳንዱን መንገድ እሱ ነው የጎተተኝ። በአጥሩ ዞሬ በቀጥታ መግባት ስችል ገበያው ድረስ ወሰድኩት፣ ሱቅ በር ላይ አሰርኩት፣ ትልቁን ድስት ገዛሁ። ባለሱቁ ለምን ያህል ሰው እንደሆነ ጠየቀኝ። ለሰው አይደለም አልኩት። ግራ ገብቶት ሸጠልኝ።

ሐጂ በሩን ሲከፍቱ በአንድ እጄ ገመዱን፣ በሌላው ድስቱን ይዣለሁ። «የእኛ ሥጋ ያልነካው ነው» አልኳቸው። ድስቱን ተቀበሉኝና አገላብጠው ያዩት ጀመር።

«ማነው የመጣው?» አሉ ሚስታቸው ከውስጥ።

«እሱ ነው» አሉ ሐጂ።

ከዚያ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ወይፈኑን ወደ ጓሮ ወሰዱት።